ዛንዚባር፦ ባሕር የለየው፣ ውሕደት ያላደበዘዘው ማንነት

ከዳሬሰላም ወደብ የሚነሳ ፈጣን ጀልባ ዛንዚባር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መንገደኛው ከታንዛኒያ ግዛት አልወጣም፤ ሲደርስ የሚቀበለው ግን ሌላ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሌላ ፕሬዝዳንት እና ሌላ ምክር ቤት ነው።

የዚህ ልዩነት ሥር ከሕገ መንግሥት ይልቅ መልክዓ ምድር ነው። በየዓመቱ አቅጣጫውን የሚለዋውጠው የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ለዘመናት የዐረብ እና የሕንድ ነጋዴዎችን ወደ ደሴቶቹ አምጥቶ መልሷል። ነፋሱ እስኪዞር የቆዩት ከነዋሪው ጋር ተጋቡ፤ ቋንቋ እና ሃይማኖትም ተወራረሱ።

ባሕሩ ያመጣው ግን ንግድ ብቻ አይደለም። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ቢን ሱልጣን በ1840 (እ.አ.አ) ገደማ መቀመጫቸውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። የቅርንፉድ እርሻዎቹን ያለሙት ከየብሱ በግዞት የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። በመሆኑም ደሴቲቱ ፊቷን ወደ ሁለት አቅጣጫ አዞረች፤ አንዱ ወደ ውቅያኖሱ፣ ሌላው ወደ አፍሪካ።

ይህ መከፋፈል በጥር 1964 በአብዮት ፈነዳ። ሱልጣኑ ተወገዱ፤ በርካታ ሰዎችም ተገደሉ። ከሦስት ወራት በኋላ ዛንዚባር ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ተመሠረተች።

ውሕደቱ ጥያቄውን አልዘጋውም። መጀመሪያ 11 የነበሩት የጋራ ጉዳዮች ዛሬ 22 ደርሰዋል። ለብዙ ዛንዚባራውያን ይህ ሥልጣን ቀስ በቀስ የመነጠቅ ምልክት ነው። በ2022 በተካሄደው ቆጠራ 61.7 ሚሊዮን ከሆነው የታንዛኒያ ሕዝብ የደሴቶቹ ድርሻ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም፤ የመዋጥ ስጋቱም ከዚህ ይመነጫል። በየብሱ በኩል ደግሞ ትንሿ ደሴት ከቁጥሯ በላይ ውክልና አላት የሚል ቅሬታ ይሰማል።

በ2010 የተሻሻለው የዛንዚባር ሕገ መንግሥት ደሴቶቹን "አገር" ብሎ ይጠራል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ግን በመጋቢት 2017 የሰጣትን ሙሉ አባልነት በአራት ወራት ውስጥ ሽሮታል፤ ምክንያቱም ከአንድ አገር ሁለት ፌዴሬሽኖችን መቀበል አይቻልም የሚል ነበር።

የዛንዚባር ታሪክ የሚያሳየው ባሕር ድንበር ቢያሰምርም፣ በድንበሩ ውስጥ ያለው ሕዝብ ማን እንደሆነ ብቻውን እንደማይወስን ነው። ደሴተኞቹ ስለ ራሳቸው የሚስማሙበትን መልስ ሳያገኙ፣ ከዶዶማ ጋር የሚደረግ የሥልጣን ድርድር ብቻውን የውሕደቱን ጥያቄ መቋጨት አይችልም።