የአጋዘን ሥጋ ምንቸት አብሽ

የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዴንቨር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ማታ ላይ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «አክስቴ፣ የአጋዘን ሥጋ ምንቸት አብሽ ይሆናል?» አለችኝ።

ጎረቤቷ በየዓመቱ መኸር ላይ አደን የሚወጣ ሽማግሌ ነው። ዘንድሮ ቀንቶት ኖሮ ሁለት ኪሎ የሚሆን የተፈጨ ሥጋ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ በሯን አንኳኳ። ባሏ ስሙን ሲሰማ «እኔ የዱር አውሬ አልበላም» ብሎ ወደ ሳሎኑ ተመለሰ። ጎንደር ያለችው እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ «ማን አረደው?»

ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ያልታረደውን፣ ሙስሊሙ በአላህ ስም ያልታረደውን አይቀምስም። ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም እንግዶች ሥጋው ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። እንስሳው ራሱ ግን ችግር የለበትም። ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት ውስጥ ዋላንና ሚዳቋን ይቆጥራል፤ አጋዘንም ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው። በጥይት የወደቀው እንዴት ይታያል የሚለውን ለንስሐ አባቷ ተውኩት። እኔ የማጀት ሰው ነኝ።

እናንተም «እኛ አጋዘን ከየት እናመጣለን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ከደባርቅ ወዲያ ባለው ገደል ላይ የሚውለው ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ የዋልያው ቁጥር መመናመን አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስለ ዋልያ ሥጋ የሚያወራኝ ሰው ካለ ጨዋታውን አቋርጬ እነሣለሁ። ይህን ጉዳይ ያነሣሁት ግን ስብ የሌለው የተፈጨ ሥጋ የሁላችንም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሐኪም «ጮማ ቀንስ» ያለው አባት የሌለበት ቤት ስንት ነው?

ወደ ዴንቨር ልመለስ። ልጅቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የአራት ዓመት ወንድ ልጅም አላት። ስለዚህ ስለ ቅመም ከመናገሬ በፊት «ጥይቱ ምን ነበር?» አልኳት። ሳቀች። «እማዬ ማን አረደው ትላለች፤ አንቺ ደግሞ በምን ተገደለ ትያለሽ!»

የሚያስቅ ግን አይደለም። የእርሳስ ጥይት አጥንት ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ቅንጣቱ በዓይን የማይታይ፣ በጥርስም የማይሰማ ሆኖ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይበተናል። ሥጋው ሲፈጭ ደግሞ ማሽኑ ሁሉንም ያዳርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ዳኮታ ግዛት አንድ ሐኪም አዳኞች ለድሆች የለገሱትን የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ በሲቲ ስካን ሲያየው ብዙው ጥቅል ውስጥ የብረት ቅንጣት አገኘ። ግዛቱም የተለገሰው ሥጋ እንዳይታደል አደረገ፤ ቆይቶም ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእርሳስ ጥይት የተገደለ አጋዘን እንዳይበሉ መከረ። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ እሳትም አያጠፋውም። በመዳብ ጥይት የተገደለ ከሆነ ይህ ሥጋት የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ምርመራ ነው። አጋዘንን እያከሳ የሚገድል፣ አንጎሉን የሚያበላሽ በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታየውም እዚያው እሷ ያለችበት ኮሎራዶ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልታየም፤ ቢሆንም የጤና ባለሥልጣኖቹ በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነ አጋዘን እንዲመረመር፣ በሽታው ከተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራሉ።

ሦስተኛውን ሳልጠይቃት ነገርኳት፤ ክትፎ አይሞከርም። የአጋዘን ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የተፈጨ ሥጋ፣ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም በመፍጨት መሐሉ ድረስ ስለሚገባ፣ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት። እኛ ደጋዎች ጥሬ ሥጋ እየበላን ኖርን፤ ለኮሶ ትሉም መድኃኒቱ ከጓሯችን ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ ሲጽፍ አገሩ ብዙዎች አላመኑትም፤ የኮሶን ዛፍ ለአውሮፓ ሳይንቲስቶች የገለጸውም እሱ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ግን ያን ቀን አይረሳውም፤ እኔ አያቴ ሲጠጡ ማየቱ ብቻ በቅቶኛል።

አሁን ወደ ድስቱ። የአጋዘን ቀይ ሥጋ ስቡ ከተለየለት ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ብቻ ነው ስብ ያለው። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የተፈጨ የበሬ ሥጋ 20 እጅ ስብ አለው። ስለዚህ እንደ በሬው ሥጋ አንድ ሰዓት ብታንተከትኩት አሸዋ ይሆናል። የከሳ ፍየል ገዝታችሁ የምታውቁ ይገባችኋል።

ለአንድ ኪሎ ሥጋ አምስት ወይም ስድስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ፤ ያለ ዘይት በዝግታ አቁላሉት። ውሃውን ሲጨርስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ቀጥሎ ሦስት ማንኪያ በርበሬ። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምሩ። ለቁሌቱ ግማሽ ሰዓት አትሰስቱለት፤ በዚህ ወጥ ውስጥ ልስላሴው የሚመጣው ከሥጋው ሳይሆን ከሽንኩርቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥጋውን ይዞ ይጣደፋል።

ሥጋውን ደግሞ እንዳለ ድስቱ ውስጥ አትጣሉት፤ ጓል ይሠራል። በሳህን አድርጋችሁ ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ በእጃችሁ አላሉት፤ እንደ ሾርባ ሲቀጥን ውሃውንም ጨምራችሁ ቁሌቱ ላይ ገልብጡት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ማማሰሉን አታቋርጡ። ከዚያ በኋላ በለሰለሰ እሳት ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ኮረሪማና መከለሻ ነስንሳችሁ አውርዱ። አልጫ የሚወድ በበርበሬው ፈንታ እርድ ያድርግ፤ እኔ ግን ቀዩን እመርጣለሁ፤ የሥጋውን ጠረን ያሸንፈዋል።

«ስብ የሌለው ሥጋ ብለሽ ሦስት ማንኪያ ቅቤ?» የሚል አይጠፋም። እናስላ። 20 እጅ ስብ ያለው አንድ ኪሎ ሥጋ ገና ቅቤ ሳይነካው 200 ግራም ስብ አለው። የኛው ሥጋ 30 ግራም ገደማ፣ ቅቤው 40 ግራም ገደማ፤ ሁለቱ ተደምረው 70 አይበልጡም። ያውም ለስድስት ሰው።

ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ሉካንዳ ገብታችሁ «የተፈጨ» አትበሉ። ታፋውን አሳዩኝ በሉ፤ ጮማው ተለይቶ እዚያው ፊታችሁ ይፈጭ። ቢላዋ የተሳለበት ቤት ካላችሁ ደግሞ በእጅ ይከተፍ፤ ጣዕሙ አይገናኝም።

የእህቴ ልጅ በማግስቱ ጎረቤቷን ጠየቀችው። ሽማግሌው አልተቀየመም፤ አጋዘኑ ተመርምሮ ነጻ ነው፣ ጥይቱ ግን እርሳስ ነው አላት። ነገሩን ስታስረዳው ጥቅሉን መልሶ ወሰደና «ለሚቀጥለው ዓመት መዳብ እገዛለሁ» አለ። እሷም ስቡ የተለየለት የበሬ ታፋ አስፈጭታ ፍሪዘር ከተተች፤ የተፈጨ ሥጋ ከሦስት እስከ አራት ወር ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለገና ይደርሳል። የገና ዕለት በነገርኳት መንገድ ሠራችው። ባሏ መሶቡ ላይ ጥቂት አፍጥጦ «ይኼ አጋዘኑ ነው?» አለ። የበሬ ነው ሲባል እጁን ታጠበና ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

እናቷ በስልክ ይህን ሰማች። ጥቂት ዝም አለችና «የበሬውንስ ማን አረደው?» አለች።