«አላየሁትም» መከላከያ አይሆንም

መኪናና ሞተር በተጋጩ ቁጥር ከመኪናው የሚወርደው ሰው መጀመሪያ የሚናገራት ነገር ትታወቃለች፤ «አላየሁትም»። ሞተረኛው አስፋልት ላይ ተዘርግቶ፣ ሄልሜቱ ወዲያ ተንከባሎ፣ ያደርሰው የነበረው ምሳ ተደፍቶ ሳለ ሹፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ከየት መጣብኝ? አላየሁትም እኮ!» ይላል። ዙሪያውን የከበበው ሰው ያምነዋል፣ ያዝንለታልም። «እነዚህ ሞተረኞች ድንገት ዱብ እያሉ» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይሰማል፤ «ተመስገን በል፣ በእጅህ ሰው አልጠፋም» የሚል ማጽናኛ ከወዲህ ይከተላል። ትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ይዞ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ፈርዷል፤ ሹፌሩ ዕድለ ቢስ ነው፣ ሞተረኛው ደግሞ የእጁን ነው ያገኘው። ሙግቴ ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ሹፌሩ ዋሽቷል አልልም። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፣ አላየም። ግን አለማየቱ ከጥፋት የሚያወጣው እንዴት ሆኖ ነው? በእኔ እምነት ጥፋቱ ራሱ አለማየቱ ነው።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም ሁለት ዓይነት ሰው ያስቀምጣል። አንደኛው አደጋው ሊደርስ እንደሚችል እየገመተ «አይደርስም» ብሎ የሚዳፈር ነው። ሁለተኛው ማወቅ እየቻለ ወይም እየተገባው ሳያውቅ ያደረገ ነው። «አላየሁትም» የሚለው ሹፌር ራሱን ከመጀመሪያው ሳጥን አወጣሁ ብሎ በገዛ አፉ ሁለተኛው ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ የሌላውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ለዚህ ዓይነቱ ሰው በምሳሌነት በስም የሚጠራቸውም ሁለት ናቸው፤ ሐኪምና አሽከርካሪ። ሕግ አውጪው መንጃ ፈቃድ ያወጣን ሁሉ፣ ራይድ የሚነዳውንም የቤት መኪና የሚነዳውንም፣ ከሐኪም ጎን አቁሞታል ማለት ነው። በሽተኛው አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳለው መዝገቡን ሳያይ ያችኑ ቆርጦ ያወጣ ሐኪም «አላየሁትም» ቢል ማን ያዝንለታል? ታዲያ ለሹፌር ሲሆን ለምን እናዝናለን? ምናልባት ነገ በእሱ ቦታ ልንቆም እንደምንችል ስለምናውቅ ይሆናል። ትራፊክ ፖሊስም ቢሆን ይህችን ቃል ተቀብሎ መዝገቡን መዝጋት የለበትም። «ምን ሳታደርግ ቀርተህ ነው ያላየኸው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ አለበት፤ ፍሬ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም በደንብ ተጠንቷል። ሃሪ ኸርት የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሎስ አንጀለስ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን በቦታው እየተገኘ መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተጋጨባቸው አደጋዎች ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ ነፍጎ መንገድ የዘጋው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር። ከዚያ ወዲህ በአምስት የአውሮፓ አገሮች 921 አደጋዎች ተመርምረው ግማሽ ያህሉ በዋናነት የመጡት በሌላው ሹፌር ስህተት እንደሆነ ታወቀ፤ ከስህተቶቹም የሚበዛው ሞተሩን ልብ አለማለት ነው። ምክንያቱም ምስጢር አይደለም። ዓይናችን መንገዱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም፤ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ነው የሚቃኘው፣ በዝላዩ መካከል ያለፈውን ደግሞ አእምሮ በግምት ይሞላዋል። ቀጭን ነገር በዚያ ክፍተት በቀላሉ ይሾልካል። ፊት ለፊት የሚመጣ ሞተር እጅግ እስኪቀርብ ድረስ መጠኑ የሚጨምር አይመስልም፤ ስለዚህ ሰው ሩቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው ብሎ ይገምታል። ከመኪናው የፊት መስታወት ግራና ቀኝ ያሉት ማቀፊያ ብረቶችም አንድ ሞተር ከነነጂው የመሸፈን ስፋት አላቸው።

«እንግዲያውስ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፣ ሹፌሩ ምን ያድርግ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ያው የአውሮፓ መረጃ እንደገና ሲመረመር የሞተር መንጃ ፈቃድም ያላቸው የመኪና ሹፌሮች ከሞተር ጋር ለሚደርስ ግጭት ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን እንደሆነ ታይቷል። ዓይናቸው ከሌላው ሰው ዓይን የተለየ አይደለም። ሞተር ከየት ሊመጣ እንደሚችል ስለሚያውቁ እዚያ ቦታ ላይ ይፈልጉታል። የሚጠብቁትን ያያሉ። ስለዚህ ማየት የሚለመድ ሙያ ነው፤ የሚለመድ ነገር ደግሞ ባለመለመዱ ይጠየቁበታል። በእኛ አገር የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሞተር ላይ ሳይቀመጥ ነው ከማሰልጠኛ የሚወጣው። መኪናውን በምሰሶዎች መካከል ወደ ኋላ ማስገባት፣ ዳገት ላይ ሳያንሸራትቱ ማስነሳት፣ ይህን ሁሉ ይፈተናል። ወደ ቀኝ ከመጠጋቱ በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ የማየት ልማድ ግን ፈቃዱ ኪሱ በገባ ማግስት የሚረሳ ነው።

ነገሩን በአዲስ አበባ፣ በልደታ መንገድ ላይ እናየው። ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ የሚሠራው ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ የሚጋሩት ሐዲድ በድልድይ ላይ ያለ ነው፤ ከታች ድልድዩን የተሸከሙት ወፋፍራም የኮንክሪት ምሰሶዎች ተሰልፈዋል። ከ1956 ጀምሮ በቀኝ ስለምንነዳ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊት የሚመጣውን ረድፍ ማቋረጥ ግድ ይለዋል፤ ሞተረኛን በብዛት የሚቀጥፈውም ይኸው መታጠፊያ ነው። በእነዚህ ምሰሶዎች ሥር ለመዞር የሚጠብቅ ሹፌር የሚመጣውን መንገድ የሚያየው እየተቆራረጠ ነው። አንበሳ አውቶቡስ ከምሰሶ ጀርባ ቢገባ ወይ አፍንጫው ወይ ጭራው ይተርፋል፤ ሞተር ግን ጠቅላላ ይጠፋል። አንዴ አይቶ «ባዶ ነው» ያለ ሹፌር ያየው ምሰሶውን ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞተር በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያው እይታ የተደበቀው በሁለተኛው ይወጣል። የሚጠየቀው ይህችው ሁለተኛ እይታ፣ ከወንበር ጠጋ ብሎ አንገትን ሰገግ አድርጎ ማየት ነው።

ሚኒባሱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ሲባል ሹፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ተንሸራታቹን በር ከፍቶ ግማሽ አካሉን አውጥቷል። በሚኒባሱና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል የነበረ ሞተረኛ መሄጃ የለውም፤ ወይ ከረዳቱ ጋር ይላተማል፣ ወይ ጠርዙን መትቶ ይወድቃል። እዚያ መግባቱ ልክ አልነበረም፤ ይሁን። ግን ወደ ቀኝ የሚጠጋ ሰው የቀኙን ስፖኪዮ የማየት ግዴታው በሞተረኛው ጨዋነት ላይ የተንጠለጠለ ነው እንዴ? ስፖኪዮው ድሮ ተሰርቆ በምትኩ ባዶ ብረት የቀረበት መኪና ሲሆንማ ነገሩ ከቸልተኝነትም ያልፋል። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ደግሞ የቆሙ መኪኖች አሉ። ቀጠሮ የረፈደበት ሰው ዶሴውን ብብቱ ሥር አድርጎ የግራ በሩን በርግዶ ሲወጣ ኋላውን አያይም። በሩን በግራ እጁ ፈንታ በቀኝ እጁ ቢከፍት ትከሻው ከአንገቱ ጋር ወደ ኋላ ስለሚዞር ሳይወድ በግዱ ያይ ነበር። ወጪ የለውም፣ መመሪያም አይጠይቅም።

በእኔ ላይ የሚሰነዘረው ጠንካራው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ሞተረኞቹ ራሳቸው ሥርዓት የላቸውም። በመኪኖች መሃል ይሹለከለካሉ፣ በተቃራኒ ረድፍ ይመጣሉ፣ እግረኛው መንገድ ላይ ይወጣሉ፣ ሄልሜቱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። እውነት ነው፣ አልክድም። ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ድምር ተረጋግጧል፤ ክንድ ላይ ሲንጠለጠል የሚጠብቀው ክርንን ነው። እነሱም ይቀጡ። ነገር ግን የአንዱ ጥፋት የሌላውን ግዴታ አይሰርዝም። ደግሞም ዋጋው እኩል አይደለም። ሞተረኛው ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ ሰውነቱን ይከፍላል፤ የመኪናው ሹፌር ቢሳሳት የሚከፍለው አሁንም ሞተረኛው ነው፣ የሹፌሩ ዕዳ ፓራውልት ማስቀጥቀጥ ነው። አንድ ቶንና ከዚያ በላይ ብረት ይዞ የወጣ ሰው ከባድ ጥንቃቄ ቢጠየቅ ምንም አድልዎ የለበትም። ይኸው ሹፌር በዜብራ ላይ ላለች እናት ቅድሚያ የሚሰጠው ያቺ እናት ጥፋት የሌለባት ስለሆነች አይደለምና።

ሌላው ተቃውሞ ከመንገድ ይልቅ ከፖሊስ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሹፌሮች ሞተር በመስኮታቸው በኩል ሲጠጋ የሚታያቸው ሌባ ነው። ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። ቦርሳና ስልክ በሞተር ሆኖ መንጠቅ ሲበዛ በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ጊዜ የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶች ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። እገዳው ለወንጀል ያመጣውን ፋይዳ ለሌሎች ልተወው፤ በመንገድ ላይ ጥሎት ያለፈው አስተሳሰብ ግን የሚያሳስበኝ ነው። ሞተረኛ በመንገዱ ላይ የመገኘት መብቱ አጠራጣሪ የሆነ፣ በምሕረት የሚያልፍ ሰው ተደርጎ ታየ። ሆን ብሎ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሲያልፍ መሪውን ወደሱ ዘንበል የሚያደርግበት ሹፌር ራሱን እንደ ሕግ አስከባሪ ይቆጥራል። ዛሬ ፈቃድና ሰሌዳ ይዞ የሚንቀሳቀሰው ግን ምሳችንን፣ መድኃኒታችንን፣ የመሥሪያ ቤታችንን ደብዳቤ የሚያደርሰው ወጣት ነው። በመተግበሪያ አዝዘን «ለምን ዘገየ?» የምንለውም እኛ፣ መንገድ ላይ ሲያልፈን «ምን ያስሮጠዋል?» የምንለውም እኛ ነን።

«መንገዱ ጠባብ ነው፤ እግረኛ፣ ባጃጅ፣ ታክሲ፣ ሁሉን ማየት አይቻልም» የሚለውንም ላንሳ። በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸውና ዓይን መከፋፈሉ የግድ ነው። ታዲያ ሁሉን ማየት የማይችል ሰው የቀረው አንድ ነገር ፍጥነቱን ማየት ወደሚችልበት ማውረድ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ በሰከንድ ስምንት ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ50 ከሚነዳው ስድስት ሜትር ያህል ይተርፈዋል። ስድስት ሜትር ለሞተረኛ ብዙ ነው። ኮሪደር ልማቱ ሰፊና ለስላሳ አስፋልት ማምጣቱ መልካም ሆኖ፣ ሰፊ መንገድ እግርን ነዳጅ ላይ ያከብዳል፤ የብስክሌት መስመሩም ለሞተር አይደለምና ሞተረኛው ያው ከመኪናው ጋር ነው የሚቀረው። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በመንገዱ ላይ እየታዩ ነው። እነሱ ድምፅ የላቸውም፤ እስከ ዛሬ ዓይናችን የሳተውን ጆሯችን ይይዝልን ነበር፣ ያም ሊቀር ነው።

የማሰልጠኛ ተቋማት ሠልጣኞቻቸውን ቢያንስ አንድ ቀን ከሞተረኛ ኋላ አስቀምጠው ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች ቢያመላልሷቸው የብዙ ሰዓት ትምህርት ይተካል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶችም በፈቃድ ፈተናው ላይ በትከሻ ዞሮ ማየትን የሚጥል ነጥብ ያድርጉት። እስከዚያው መሪ የያዛችሁ ሁሉ፣ ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት ሁለቴ እዩ፣ ወደ ቀኝ ከመጠጋታችሁ በፊት ፍሬቻ አሳይታችሁ ስፖኪዮአችሁን ተመልከቱ፣ በራችሁን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። የመጀመሪያው ሞተረኛ ዛሬውኑ ይደርስባችኋል።