ሙሽራዋንስ ወደድናት፤ ቤቱ ግን የማን ነው?

በቅድሚያ እንናዘዝ፤ እኛ የፍቅር ልብ ወለድ ነፍሳችን ነው። በተለይ ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን ታሪክ ካገኘን አንለቃትም። ልጅቷ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ድሃ ናት፤ ምላሷ ግን ስለታም ነው። ባሕር አቋርጣ አይታው የማታውቀውን ሰው ልታገባ መርከብ ትሳፈራለች። ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ኮስታራ ነው፤ ገጽ ሁለት መቶ አካባቢ ግን... ይኼኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ጠዋት ሥራ አለ፣ እኛ ስልካችን ላይ እንዳፈጠጥን ነን።

ሰሞኑን እንዲህ ያለ አንድ መጽሐፍ በቴሌግራም ተቀባብለን አነበብን። ቦታው ጀምስታውን፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እንግሊዞች በ1607 የቆረቆሩት ሰፈር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።) ጨርሰን ስለ ሠርጉ ስናወራ አንዷ ጓደኛችን፣ «ቆይ፣ ያ መሬት ባዶ ነበር እንዴ?» አለች። ዝም አልን። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ስናነብ ጥያቄው ለአንዳችንም አልመጣልንም ነበር።

እናም ታሪኩን ፍለጋ ገባን። ሙሽሮቹ እውነት ናቸው። የቨርጂኒያ ኩባንያ ወንዶቹ ሀብት ሰብስበው ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ፣ እዚያው ሥር እንዲሰዱ ፈለገ። ስለዚህ በ1620 ዘጠና ያህል፣ በ1621 ደግሞ ሃምሳ ሰባት ገደማ ሴቶችን ላከ። የሁለተኛዎቹ ዕድሜና ሙያ የተመዘገበበት ዝርዝር እስከ ዛሬ አለ፤ አብዛኞቹ የእኛ እኩዮች ናቸው። ያገባ ሰው ለአንዷ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ ያህል ምርጥ ትምባሆ ይከፍላል። ይህን ጥሎሽ እንዳትሉት። ጥሎሽ ለሙሽራዋ ነው፤ ትምባሆው የሚገባው ገንዘብ ላወጡት የኩባንያው ሰዎች ነው። እርግጥ ኩባንያው ያለ ፈቃዳቸው እንዳይዳሩ አዝዞ ነበር። ግን ዘመድ በሌለበት አገር፣ ወጪሽን ሌላ ሰው ከፍሎልሽ፣ «እምቢ» ማለት ምን ያህል ይቻላል?

እስከዚህ ድረስ ልብ ወለዶቹም ይነግሩናል። የሚዘሉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ትምባሆ መሬት ይበላል። ጥቂት ዓመት ሲዘራበት አፈሩ ይደክማል፤ ሌላ መሬት ያስፈልጋል። ያ ሌላ መሬት የፓውሃታን ሕዝብ እርሻ፣ የአደን ቦታና የወንዝ ዳር መንደር ነበር። ስለዚህ የሙሽራዋ ዋጋ የተቆጠረው የሰው መሬት በሚበላ ተክል ነው። ሙሽሮቹ በገቡ በወራት ውስጥ፣ መጋቢት 22 ቀን 1622፣ ፓውሃታኖች በኦፔቻንካኖ መሪነት ተነስተው 347 ሰፋሪዎችን ገደሉ። በልብ ወለዱ ይህ ከሰማይ ዱብ ያለ መዓት ነው፤ ምክንያት የለውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን አባባል እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ መጽሐፉ ላይ ግን የተወጋው አይናገርም።

በዚያው ዘመን ጀምስታውን ሌላም ሴት ነበረች። በ1619 ከአንጎላ የተነጠቁ ሃያ ምናምን አፍሪካውያን ቨርጂኒያ ደርሰው በስንቅ ተለወጡ። ወዲያው ሌላ መርከብ ተከተለ፤ በእሱ የመጣች አንጀላ የምትባል ሴት በ1625 ቆጠራ የካፒቴን ዊልያም ፒርስ ቤት ሰዎች መካከል ተጽፋለች። እሷም ባሕር አቋርጣለች። ለእሷ ግን የሚጠብቃት ሙሽራ የለም፤ «ያለ ፈቃዷ» የሚል ትእዛዝም የለም። የእሷን ታሪክ በቴሌግራም የላከልን ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

አንዳንዶቻችሁ «ኧረ ተዉን፣ ፍቅር እናንብብበት! አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ድሃ ልጅ ምን በወጣት?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ መሬቱን የቀማችው እሷ አይደለችም። ግን ሰው ተበድሎም በሌላው በደል ውስጥ ይኖራል። የተሸጠች ልጅ የተቀማ መሬት ላይ ጎጆ ስታቆም፣ ከኮስታራው ባል የሚበልጥ ታሪክ እኮ ያለው እዚያ ላይ ነው! ጸሐፊዎቹ እሱን ሲዘሉብን እንደ ሕፃን እየቆጠሩን ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ሌላ ምሳሌ እንስጣችሁ። ሎራ ኢንጋልስ ዋይልደርን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ በተከታታይ መጽሐፎቿ ከሰፋሪ ሕፃንነት እስከ ሙሽርነት የምናጅባት ልጅ። በ1935 የወጣው መጽሐፏ ቤተሰቧ የሰፈረበትን ምድር ሰው የሌለበት፣ ሕንዶች ብቻ የሚኖሩበት አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። በ1953 እትም «ሰው» የምትለዋ ቃል «ሰፋሪ» በሚል ተለወጠች። አንድ ቃል ናት፤ እስክትታረም ግን አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀች። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የሕፃናት ክፍል በስሟ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስም ቀየረ። መጽሐፎቹ ግን አልተከለከሉም፤ እኛም ይከልከሉ አንልም።

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት መጣ? ኢጣሊያ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቤት ከምትሠራበት ድርጅት ስም ነው። በሚያዝያ 1937 ፋሽስቶቹ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጡ፤ ጣሊያናውያት ሚስቶች ወደዚህ እንዲመጡም ገፋፉ። እዚህም ሙሽራዋ የምትፈለገው ወንዱን መሬቱ ላይ እንድትተክል ነበር።

እስቲ አስቡት። በ1938 አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውብ ጣሊያናዊት ሙሽራ ካዛንቺስ ገብታ መጋረጃ ስትሰቅል፣ ባሏ ሲናፍቃት፣ ስታለቅስ፣ በመጨረሻም በፍቅር ስትሸነፍ። ሦስት መቶ ገጽ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 (ይኼ የእኛ ነው) አንድም ቦታ ሳይነሳ። አብረናት እናለቅስ ነበር? እኛ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ እንወረውረው ነበር።

ጀምስታውን ላይ ሲሆን ግን ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለቀስን። ያሳፈረን ይኼ ነው። ታሪኩን ከመርከቡ ላይ ሆነው ስለነገሩን እኛም መርከቡ ላይ ወጣን፤ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩት ሰዎች እኛን እንደሚመስሉ ረሳን።

ማንበባችንን አናቆምም፤ የሚቀጥለው ፒዲኤፍ እንዲያውም ደርሶናል። ግን ሙሽራዋ ደጃፉን ስትረግጥ የጓደኛችንን ጥያቄ አብረን እንጠይቃለን። እናንተም ጠይቁ፤ ከመካከላችሁ የአንጀላን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ከተገኘ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች እኛ ነን።

ቸር እንሰንብት!