ሣጥን ውስጥ ያለው ጠገራ ብር ስንት ዓመቱ ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በትርፍ ጊዜዎ አሮጌ ዕቃ ማሰባሰብ ለመጀመር አስበው እንደ ሆነ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እጅዎ የሚገባው ምናልባት ጠገራ ብር ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ብዙም ለማይተርፈው ጀማሪ ጸሐፊም ሆነ ለተማሪ መልካም መነሻ ነው። አያት ካስቀመጡት ሣጥን ሥር፤ ከአክስት የአንገት ጌጥ ላይ፤ ከአንጥረኛም ሱቅ አይጠፋም። በአንዱ ፊቱ ራሷን የሸፈነች ወፍራም ሴት አለች፤ በሌላው ፊቱ ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቷል፤ በንስሩ ዙሪያ ከተጻፈው መጨረሻ ላይ ደግሞ 1780 የሚል ቁጥር ይነበባል።

ያየው ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያነብና «ከሁለት መቶ ዐርባ ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ ነው!» ብሎ ይደነቃል። ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት ይህ ቁጥር ስንቱን እንዳሳሳተ፤ እውነተኛውም ዕድሜ በምን እንደሚታወቅ ነው።

እኔም የተማርሁት ተሳስቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ነጋዴ ጠገራ ብር ገዛሁ። ዋጋው በዛብኝ ብለው «ወንድሜ፤ ዘመኑ ተጽፎበት የለም ወይ? አንተው አንብበው!» አለኝ። አነበብሁት። የወር ቀለቤን ግማሽ ከፍዬ እየሮጥሁ ቤቴ ገባሁ። ጠቆር ብሎ ስላየሁትም በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራሁት። በማግሥቱ የጥንት ገንዘብ ለሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ወስጄ አሳየኋቸው። መዘኑት፤ በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም «ልጄ፤ ብሩስ እውነተኛ ብር ነው፤ ዕድሜው ግን ከአባትህ ዕድሜ አይበልጥም። ደግሞስ እንዲህ አድርጎ የፈተገው ማን ነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ነጋዴው በቃሉ አልዋሸም፤ ቁጥሩን አንብበው አለኝ እንጂ ብሩ በዚያ ዓመት ተሠራ አላለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴቲቱ ስም ማሪያ ቴሬዛ ይባላል፤ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። ባሏ በ1765 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተባት በብሩ ላይ የምትታየው በመበለት ልብስ ነው። እርሷም በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። (ቁጥሩ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የእኛ ዓመተ ምሕረት የመሰላቸው ብዙ ሰዎች ሌላ ስሕተት ይጨምሩበታል።) ብሯ ግን በዐረብ አገርና በቀይ ባሕር ዳርቻ ገበያዎች ተወዶ ነበርና ነጋዴው ሌላ መልክ ያለበትን ብር አልቀበልም አለ። ስለዚህ የሞተችበትን ዓመት ሳይለውጡ ያንኑ ብር ደግመው ደጋግመው ይመቱት ጀመር። ከምስሏ በታች ያሉት ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የጉንትስቡርግ ከተማ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ሰዎቹ ካለፉ በኋላም ፊደሎቻቸው በሌሎች ከተሞች ብር ላይ ሲታተሙ ኖሩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ፕራግ ይህን ብር መትተዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. (1927 ዓ.ም.) ደግሞ የሙሶሊኒ መንግሥት የመምታቱን መብትና የማተሚያውን ብረት ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ያስመታ ጀመር። ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ በአገራችን የሚታመነው ገንዘብ ይህ መሆኑን ያውቅ ነበርና። መብቱ በጣሊያን እጅ ስለ ገባ ሌሎቹም ለየንግዳቸው ሲሉ በየራሳቸው መቱ፤ ሎንዶን ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፤ እንዲሁም ፓሪስና ብራስልስ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ፤ ከጦርነቱም በኋላ በርሚንግሃም። ቪየና ከ1961 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥራውን መልሳ ይዛ እስከ ዛሬ ድረስ ለሰብሳቢዎች ትመታለች። በሁሉም ላይ ያው 1780 አለ። ጠቅላላው ድምር ከሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

በአገራችንም «ሴት ብር» እየተባለ ለብዙ ዘመን ተገበያዩበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ ቢያስመቱም ሕዝቡ የለመደውን ቶሎ አልለቀቀም። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ነው ጠገራው ከገበያ እየወጣ ወደ ሣጥንና ወደ አንጥረኛ ቤት የገባው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በእጅዎ ያለው ብር በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ቡና የተሸጠበት ሊሆን ይችላል። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ለስንቅና ለአገልግሎት የከፈለውም ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ለጎብኚ የተመታም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ቁጥር ይዘዋል። ታዲያ በምን ይለያሉ?

አንደኛ፤ ሳይነኩት ይመልከቱት። ከመስኮት አጠገብ ወይም በመብራት ፊት ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን ዘንበል ያድርጉት፤ ብርሃኑ በአግድም ሲመታው የደበዘዘ ፊደል ይነሣል። በማኅተም የተመታ ብር ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ግን ፊቱ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጥቦች ይታዩበታል፤ ጠርዙም ላይ አንዳንድ ጊዜ የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል።

ሁለተኛ፤ ጠርዙን ያንብቡ። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ቃል ከጌጥ ጋር ጎልቶ ተጽፏል። ሐሰተኛ የሚሠሩ ሰዎች ፊቱን አሳምረው ጠርዙን ይረሱታል።

ሦስተኛ፤ ይመዝኑት። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ብዙ የተዳሰሰ እንደ ሆነ ትንሽ ይቀንሳል። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፤ የቀረው መዳብ ነው። አንጥረኞች ወቄትን በዚሁ ብር ክብደት ይለኩ እንደ ነበር ሲያስቡ፤ አያቶቻችን በጥንቃቄ መመዘናቸው ለምን እንደ ነበር ይገባዎታል።

አራተኛ፤ በውኃ ይፈትኑት። በተማሪ ቤት የተማሩት የአርኪሜድስ ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት። ብሩን በቀጭን ክር አስረው ውኃው ውስጥ ይስቀሉት፤ የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል። 28.07ን ለ2.75 ሲያካፍሉ 10.2 ይመጣል፤ የጠገራው ብር ጥግግት ይኸው ነው። ነሐስ ቢሆን ኖሮ 8.5 ገደማ፤ ቆርቆሮ ቢሆን 7.3 ይመጣ ነበር። ብሩ አልቆ ክብደቱ ቢቀንስ እንኳ ይህ ውጤት ብዙም አይለወጥም። በዚህ ሁሉ አንዲት ጭረት አላደረሱበትም። በሞረድ ፍቆ መፈተን ግን ዕቃውን መግደል ነው።

አምስተኛ፤ ከሌላ ብር ጋር ያስተያዩት። አክሊሏ ላይ ያሉትን ሉሎች፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ፤ የንስሩን የጅራት ላባ አደራደር፤ በፊደሎቹ መካከል ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይቍጠሩ። ማተሚያ ቤቶቹ ማኅተሙን በየራሳቸው ስለ ቀረጹ፤ አንዱ ያኖረውን ነጥብ ሌላው ይዘልለዋል፤ አንዱ ክብ ያደረገውን ጌጥ ሌላው ሞላላ ያደርገዋል። የሰብሳቢዎች ማውጫ የተዘጋጀው በእነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። ሽማግሌው የእኔን ብር ዕድሜ የነገሩኝ ቁጥሩን አይተው ሳይሆን የንስሩን ጅራት አይተው ነበር።

ይህ ጠባይ የጠገራ ብቻ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የተመታውን ትንሹን የብር ግርሽ ቢያገኙ ፲፰፻፺፭ የሚል ያነቡ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተመትቷል። 1936 የሚል የመዳብ ስሙኒም ቢያገኙ ቅርጹን ይመልከቱ። መጀመሪያ የወጣው ድፍን ክብ ነበር፤ በመጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለ ተቀራረበ አታላዮች ብር እየለበጡ ሽልንግ ነው እያሉ ሰጡበት። ከዚህም የተነሣ ኋላ ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው ተደረገ። ዓመተ ምሕረቱ ግን በሁለቱም ላይ 1936 ነው። ክቡና ባለ ሞገዱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድ የማታለል ታሪክ ከነመፍትሔው ይነግሩዎታል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ልምጣ። እስካሁን የነገርሁዎትን ሁሉ ዛሬ ባያደርጉት ከአሥር ዓመት በኋላ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ብሩ አይሄድም። ሰው ግን ይሄዳል። አክስቴ ሦስት ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት የአንገት ጌጥ ነበራት። እኔ ያን ጊዜ ጀማሪ ሰብሳቢ ነበርሁና «ስንት ያወጣ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና «ልጄ፤ ይህ አይሸጥም፤ የመጣበት ነገር አለው» አለችኝ። «ከየት መጣ?» ብዬ መጠየቅ አልመጣልኝም። ዛሬ ጌጡ እኔ ዘንድ ነው። ሁለቱ ብሮች በጣም የቆዩ፤ አንዱ በሮም የተመታ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ለይቻለሁ። ያ የሮም ብር ወደ ቤታችን የገባው በሽያጭ ይሁን፤ በደመወዝ ይሁን፤ ከጠላት ተማርኮ ይሁን የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። የምታውቀው እርሷ ነበረች፤ እኔም በአጠገቧ ተቀምጬ ቡና ጠጥቼ ሄድሁ።

ስለዚህ ከአጉሊ መነጽርና ከሚዛን አስቀድመው አንድ ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይስጡ። ከማን እንዳገኙት፤ መቼና የት እንደ ሆነ፤ ባለቤቱ ስለ ዕቃው ምን እንዳሉ፤ ቃላቸውን ሳያሳምሩ በራሳቸው አነጋገር ይጻፉ። ከዚያ ክብደቱን፤ ስፋቱን፤ የውኃውን ውጤት ያስከትሉ። አያትዎ የነገሩዎትና ሚዛኑ የነገረዎት የማይስማሙ ቢሆን አንዱን አይሰርዙ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይተዉአቸው። ብሩ ላይ ማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶበት ቢያገኙ አያስነቅሉት፤ የገበያ ዋጋውን ይቀንሰው ይሆናል፤ ግን ከገንዘብነት ወደ ጌጥነት የተሸጋገረበት ምስክር ነው። እንደ እኔም በአመድ አይፈትጉት፤ ጥቁረቱ የዕድሜው ልብስ ነው። አቧራ ካለበት በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በለስላሳ ጨርቅ ሳያሹ ያድርቁት፤ በደረቅ ወረቀትም ጠቅልለው ያስቀምጡት።

የበለጠ ማወቅ ከፈለጉ በስድስት ኪሎ፤ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት፤ የማሪያ ቴሬዛ ብር ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ ስለ ነበረው ታሪክ በ1963 እ.ኤ.አ. በተቋሙ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ገንዘብ መሰብሰብ ሲለምዱ ዓይንዎ ወደ ብራና መጽሐፍና ወደ ጥንት መስቀል መሄዱ አይቀርም። እነዚህ የቤተ ክርስቲያንና የአገር ንብረት ሆነው ሳለ ተሰርቀው የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ሻጩ ከየት እንዳመጣው በግልጽ የማይናገረውን ዕቃ ቢረክስም አይግዙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል።

በሚመጣው እሑድ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ከሆነ ደብተርዎን ይያዙ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያ ጠገራ ብር ከየት እንደ መጣ ይጠይቁ። ዋጋውን ሌላ ቀን ይደርሱበታል።