ሐይቅ በየትኛው «ሀ» ትፈለግ?

የመኝታ ክፍል ድልድል በወጣ ቁጥር ግርግሩ ከእነማን ወገን እንደሚነሣ፥ አንባብያን ሆይ፥ ሳታስተውሉት አልቀራችሁም። ሀብታሙ ስሙን ከዝርዝሩ ራስጌ አግኝቶ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሐሰን ከእነ ለማ በታች ወርዶ ይገኛል። ኃይሌ ግን ከ«ሀ» ረድፍ ቢፈልግ ቢፈልግ ራሱን ያጣና ወደ ጽሕፈት ቤት ይሮጣል፤ እዚያ ያለው ሰውም በኮምፒዩተሩ «ሀይሌ» ብሎ ፈልጎ «የለህም» ይለዋል። ኃይሌ ግን አለ፤ ከእነ ተስፋዬ በታች፥ ከእነ ነጋሽ በላይ ተቀምጧል።

እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ይህን ጣጣ በሰው ስም ብቻ ሳይሆን በአገራችንም ስም እናውቀዋለን። ከደሴ በስተሰሜን ያለችውን ከተማ አንዱ ሐይቅ፥ አንዱ ሀይቅ፥ ሌላው ኃይቅ እያለ ይጽፋታል። የትውልድ ስፍራችን በፊደል ተራ ይደርደር ቢባል ኮምፒዩተሩ እንዲህ አድርጎ ያወጣዋል፤ ሀይቅ፥ ለጋምቦ፥ ሐይቅ፥ መቅደላ፥ ቃሉ፥ ቦረና፥ ተሁለደሬ፥ ኃይቅ፥ አምባሰል። አንዲት ከተማ በሦስት ቦታ! ከሐይቅ ስንት ተማሪ እንደ መጣ የሚቆጥር ሰው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ቆጥሮ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል?

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በተሰጠው ቁጥር ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሲገባ የገባው በሀለሐመ ተራ ነው፤ ስለዚህ በሀና በሐ መካከል ለ፥ በሐና በኀ መካከል ከመ እስከ ቸ ያሉት ሁሉ አሉ። ሠና ሰም ረን በመካከላቸው አድርገዋል። ዕድለኞቹ ጎን ለጎን ያሉት ጸና ፀ ብቻ ናቸው። ማንንም አንወቅስበትም፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላታቸውን ባዘጋጁበት በአበገደ ተራ ቢገባም ኖሮ ሀና ሐ መለያየታቸው አይቀርም ነበር።

በላቲን ፊደል ለሚጽፉት ይህ ነገር ከተቃለለ ቆይቷል። ትልቁን ፊደል ከትንሹ ሳይለይ፥ ቁጥሩንም እንደ ቁጥር ቆጥሮ የሚደረድር ትእዛዝ አላቸው፤ በፒኤችፒ «ናትኬስሶርት» ይሉታል። የጃቫስክሪፕቱም ደርዳሪ እንዲሁ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል። ለእኛ ግን የሚጠቅመን ግማሹ ነው። ቀበሌ 10 ከቀበሌ 2 ቀድሞ መምጣቱን ያስቀርልናል። ፊደላችን ግን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፥ ትእዛዙ ሀን ከሐ ጋር የሚያስታርቅበት መንገድ የለውም። (ቁጥርን ካነሣን አይቀር፥ የግዕዝ አኃዝ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። ፲ የራሱ ምልክት ስላለውና ከ፱ ቀጥሎ ስለ ተቀመጠ፥ ከ፩ እስከ ፻፺፱ ያለ አንዳች ዘዴ በተራው ይደረደራል። የሚበላሸው ፪፻ ሲደርስ ነው፤ በ፪ ስለሚጀምር ከ፫ ቀድሞ ይገባል።)

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዐይነት ክርክር እንሰማለን። አንደኛው ወገን ትርፍ ፊደላት ይሰረዙ ይላል። ክርክሩ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው፤ ለመኪና ምቾት ሲባል ብቻ ግን የምንቀበለው አይደለም። «ሠረቀ ብርሃን» በሰ ሲጻፍ ብርሃን መውጣቱ ቀርቶ መስረቁ ይነገራል። ሁለተኛው ወገን ሁሉም እንደ ግዕዙ ሥርዐት አስተካክሎ ይጻፍ ይላል። ለሊቃውንቱ መልካም ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ በሀ የተጻፈለትን ልጅ ዛሬ «ስምህ ተሳስቷል» ብንለው፥ አልጋ ለማግኘት ስሙን ሊያስቀይር ፍርድ ቤት ይሂድን?

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ስም ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይቀመጥ፥ እንደዚያውም ይታይ። ከዚያ በስተጀርባ ለመደርደርና ለመፈለግ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ ይያዝ፤ በዚህ ቅጂ ሐና ኀ ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ ይመለሱ፤ ሃ እንደ ሀ፥ ኣ እንደ አ ይቆጠሩ። ሁለት ስሞች በዚህ እኩል ከሆኑ በመጀመሪያው አጻጻፋቸው ይለዩ። አምስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት መልካቸው 35 ናቸው፤ ሃና ኣ ሲጨመሩ 37። ሥራው ይኸው ነው።

ጥቅሙም በመኝታ ድልድል አያልቅም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፥ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው፥ በማይክሮፊልም ተነሥቶ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። በዚያው ብራና ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል፤ መጻሕፍትን መዝግቦ ማስቀመጥ ለሐይቅ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። የጻድቁን ስም ግን ዛሬ አንዱ ሞዐ፥ አንዱ ሞዓ፥ ሌላውም ሞአ ብሎ ይጽፈዋል። በ«ሞአ» የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ በ«ሞዓ» የተመዘገበውን አያገኝም፤ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል።

የድልድሉን ፕሮግራም የሚጽፉት ከእኛው መካከል ያሉ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። ማኅበራችን የሚቀጥለው ድልድል ሳይወጣ ያነጋግራቸው፤ 37ቱን ፊደላት ጽፈን ለመስጠት እኛ ዝግጁ ነን። ከጸሐፊዎቹም አንዱ ስሙ ኃይሉ እንደ ሆነ ሰምተናል።