ጣሳው ዝም አለ፤ ሕጉስ ለምን ዝም ይላል?

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሱቅ አንድ ጣሳ ዘይት ቀለም ገዝቶ በሩን የሚቀባ አባወራ ምን ገዛ? «ቀለም ነዋ!» ይባል ይሆናል። ለመሆኑ ጣሳው ውስጥ እርሳስ ይኑር አይኑር ማን ነገረው?

እርሳስ የምንለው ተማሪ የሚጽፍበትን አይደለም። ጥይት የሚሠራበትን ብረት ነው። ቢጫውን፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ለማድመቅ፣ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅም ይጨመራል። ቀለሙ ሲላላጥ አቧራ ይሆናል። ሕፃን መሬት ዳብሶ እጁን አፉ ሲከት አብሮ ይገባል፤ አእምሮውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል ልክ የለውም።

ነገሩ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት ከአገራችን ገበያ የተገዙ ዘይት ቀለሞች ተመርምረው በብዙዎቹ እጅግ የበዛ እርሳስ ተገኝቷል። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 429 ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ ያለበትን ቀለም ከለከለ። ደግ አደረገ! ከደንቡ በፊት የተቀባውን በርና የትምህርት ቤት ወንበርስ ማን ይጠይቅለት?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ክስ 19 ዓመት ፈጅቶ፣ ሸርዊን ዊሊያምስ፣ ኮናግራና ኤንኤል ኢንዱስትሪስ 305 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። ገንዘቡ ከየቤቱ የእርሳስ ቀለም አደጋን ለማስወገድ ነው።

እኛስ ሕግ አጣን? አላጣንም! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የሚያመልጠው ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ሲሆን ነው። እርሳስን በዓይኑ የሚለይ ገዢ ካለ ይምጣና እንየው! በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813ም ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃና ካሣ የማግኘት መብት ሰጥቷል።

ይህ ሁሉ ግን ለቢቸናውና ለሞጣው ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ፍርድ ቤት ማስረጃ አምጣ ይላል። ማስረጃው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ አባወራ በገዛ ኪሱ አይችለውም። ማስረጃ ከሌለ ክስ የለም፤ ክስ ከሌለ ካሣ የለም።

ስለዚህ እንላለን፦ የእርሳሱ መጠን በጣሳው ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ተቆጣጣሪው ከየወረዳው ሱቅ ናሙና እየወሰደ ያስመርምር፤ ውጤቱንም ከነአምራቹ ስም ለሕዝብ ያውጣ። ምርመራው በመንግሥት ወጪ ይሁን። ጣሳው አፍ የለውም፤ ሕጉ ግን አለው። ይናገር!