አልጋው ወዴት ይሁን?

የወንድሜ ልጅ ያረጀ ሃይስ ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሮቹን አስነቀለ። አልጋና ማብሰያ አሠርቶበት፣ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫና ዱራሜ እያደረ አገር ሊያይ ነው። ባለፈው እሁድ ንድፉን ይዞ መጣና "አክስቴ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ።

አልጋውን በአግድም ስሎታል። የመኪናው የውጭ ስፋት ራሱ 1.70 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ደግሞ ረጅም ነው፣ እግሩን አጥፎ ሊያድር! በቁመት፣ በሹፌሩ በኩል ግድግዳውን ይዞ ይሁን አልኩት፤ በቀኝ ያለው የጎን በር ክፍት ይቀራል። የውሃ ጀሪካኖቹም ከአልጋው ሥር ይታሰሩ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ የሰው ራስ ላይ ይመጣል።

የተከራከርነው በምድጃው ነው። ከአልጋው ግርጌ የከሰል ምድጃ ቦታ አዘጋጅቷል። "ሌሊት ይበርዳል፤ ፍም ከሆነ ደግሞ ጭስ የለውም" ይለኛል። በነርስነት ዘመኔ ይህንኑ ያሉ ሰዎች፣ በር ተሰብሮ ወጥተው ሲመጡ ተቀብያለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያወጣዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ግን ይህም ሳይሰማው ይቀራል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም።

በመጨረሻ ምድጃው ከኋላ በር አጠገብ እንዲቀመጥ ተስማማን፤ ለማብሰል ወደ ውጭ ይወርዳል፣ ፍሙ ውሃ ፈሶበት ሳይጠፋ ተመልሶ አይገባም። ለብርዱ ጋቢ ይደርብ። የኋላ በሩ ግን ከውስጥ አይከፈትም። ለበያጁ ነግረነዋል፤ እጀታ እስኪሠራለት ድረስ መኪናው ውስጥ እንዳያድር ከልክዬዋለሁ።